ሥሩንም የሚያበላው አለ

ጎረቤቴ ግቢ ያለው አቮካዶ ላይ የልብስ ማስጫ ሽቦ ታስሯል። ማን እንዳሰረው የሚያስታውስ የለም። ግንዱ እየወፈረ ሽቦውን ሊውጠው ደርሷል። ዓይኔን የያዘው ግን ከሽቦው በላይ ያለው አብጦ ከበታቹ ያለው ቀጭን መሆኑ ነው። ዛፍ የሚበላው ከሥር ብቻ ቢሆን ማበጥ የነበረበት ታችኛው አልነበር?

ጣሊያናዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሆን ብሎ ሞክሮታል። የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ላጠ፣ ከተላጠው በላይ ያለው አበጠ። ቅጠል የሚሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው ፍሎየም በሚባለው የቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነው። ውሃና ማዕድን ደግሞ በእንጨቱ፣ በዛይለም በኩል ይወጣል። ለዚህ ነው ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ወዲያው የማይጠወልገው፤ ውሃው ይደርሰዋል፣ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ሥሩ ግን ያጠራቀመውን ጨርሶ በረሃብ ያልቃል። ልጡ የራሰ ጉድጓዱ የተማሰ ማለት እሱ ነው። ፍየል ቅርፊቱን ስትግጠው እያየ «ምን አለበት፣ ቅጠሉ አልተነካ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ፓምፕ የሌለው ነገር እንዴት ይፈሳል የሚለውን ያብራራው ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930። ቅጠሉ ፍሎየም ውስጥ ስኳር ይጭናል፣ ስኳሩ ከዛይለም ውሃ ይስባል፣ ቱቦው ይወጠራል። ስኳሩ በሚራገፍበት ጫፍ ውሃው ይወጣና ግፊቱ ይቀንሳል። በቃ፣ ከተወጠረው ወደ ላላው ይሄዳል፤ በሰዓት አንድ ሜትር አካባቢ። ግፊቱን ለማመን ጎመን ላይ የሚርመሰመሰውን ክሽክሽ የሚባለውን ትንሽ ተባይ እዩ። መርፌ አፉን ፍሎየሙ ላይ ከሰካ በኋላ ጭማቂው ራሱ ይገፋለታል፣ የተረፈው በኋላው ይወጣል። ቅጠሉን የሚያጣብቀውና ጉንዳን የሚጠራው ያ ነው። ተመራማሪዎች ክሽክሹን አንስተው አፉን ብቻ ሲተዉት እንኳ ጭማቂው ለሰዓታት ይንጠባጠባል።

አቅጣጫው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ታች አይደለም። ድንች እያደገ ስኳር ይቀበላል፤ ሲበቅል ሰጪው ራሱ ይሆናል፣ ጓዳ የተረሳ ድንች አብቅሎ የሚሟሽሸው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍም ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው በሥሩና በጉቶው ባስቀመጠው ስንቅ ነው።

እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ቡና ነው። ብዙ ተክል ፍሬ ሲበዛበት ጥሬውን ያራግፋል፤ አቮካዶ ከያዘው አብዛኛውን ይጥላል። ቡና ግን አንዴ የያዘውን ፍሬ መጣል አይሆንለትም። ፍሬው ስኳሩን ይጠቀልለዋል፣ ለሥሩና ለአዲስ ቅርንጫፍ የሚተርፍ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ያሽቆለቁላል። ገበሬ «ዘንድሮ አረፈ» ይላል፤ እኔ ግን ማረፍ ሳይሆን መክሳት ነው ባይ ነኝ።

ጥላ ሥር ያለ ቡና አበባው ስለሚቀንስ ሸክሙም ይቀንሳል። አጎቴ ቡናው መሃል ያለውን ዋንዛ «ቁረጠውና ምርቱ ይጨምር» ሲሉት እሺ አይልም። ምክንያቱን በፍሎየም አያስረዳ ይሆናል፤ ያለ ጥላ የጎረቤቱ ቡና ምን እንደሆነ ግን በደንብ ያውቃል።