ጠዋት 12 ሰዓት ልጅ የሚቀበል ማቆያ

ሐዋሳ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ የለም ብዬ ማማረር አልችልም። አለ። ግን እኔ ያየኋቸው የሚከፈቱት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማሽኔ ላይ መቀመጥ አለብኝ። ክፍያውም የልብስ ሰፊ ደመወዝ አይችለውም።

ሕጉም ቢሆን ያበላልጣል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ2010 ሲወጣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። እኛን የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥና ያበቃል። የሦስት ወር ጨቅላ የት ይዋል?

ተመላላሽ ጠየቅኩ፤ የጠራችው ዋጋ ለቤት ኪራይ እንኳ አያስተርፈኝም። እናቴንም ከገጠር ላመጣት አሰብኩ። "ከብቱን ማን ይያዝልኝ?" አለች። እውነቷን ነው።

በተከራየሁበት ግቢ ግን ሦስት እናቶች ነን። ሁለታችን የጠዋት ፈረቃ፣ አንዷ የከሰዓት። አከራያችንን፣ እማማን፣ ልጆቻችንን እንዲይዙልን ሄደን ለመንናቸው። "ገንዘቡ ይቅር፣ ለልጅ ማን ይከፈላል" አሉ። እምቢ አልን። በነፃ ለሚይዝልሽ ሰው "ዳይፐሩ ቶሎ ይቀየርልኝ" ማለት ይከብዳል። ደመወዝ ሲገባ አዋጥተን በእጃቸው እንሰጣለን። ከኪራዩ ጋር አናቀላቅለውም።

የሚያጣላው ሕመም ስለሆነ አስቀድመን ተነጋገርንበት፦ ትኩሳት ያለው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አይውልም፤ እናቱ ትቀራለች። ስልክ ሥራ ቦታ ይዘን አንገባም። ስለዚህ የአለቃችንን ቁጥር በትልቁ ጽፈን እማማ በር ላይ ለጠፍን። የጡቴን ወተት ሌሊት ተነስቼ አልብና እማማ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከፍሪጅ ውጪ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ በሐዋሳ ሙቀት ደግሞ እኛ ያን ያህልም አናስቀምጠውም።

8 ሰዓት ስንወጣ ልጆቹን እንረከባለን፣ የከሰዓቷን ልጅ ጨምሮ። ማታ 4 ሰዓት አልፎ ስትመጣ እንደተኛ አቅፋው ትሄዳለች። እማማም ያርፋሉ።

ሦስታችን አንድ ፈረቃ ላይ ከገባን ግን ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሰው ሀብት ገብተን ፈረቃችን እንዳይነካ ጠየቅን። ለጊዜው እሺ ብለውናል። በወረቀት ስጡን ስንላቸው "እናያለን" አሉ። እስካሁን እያዩ ነው።