ከእማዬ ጋር ዓባይ ዳር

ጥቅምት ነው። ዝናቡ አልፏል። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ግን ደርቋል። ባሕር ዳርና አካባቢዋን በእግር ለመዞር ከዚህ የተሻለ ወር አላውቅም። ከእማዬ ጋር ሁለት ቅዳሜ ወንዝ ዳር ዋልን። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ክረምቱን ሙሉ ከቤት የወጣችው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ብቻ ነው፣ እሱንም በባጃጅ። ሐኪሙ «ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ዳገትና ቁልቁለት ይቅርብዎ» አላት። ቤት ስንገባ ነጠላዋን እያጣፋች «ምን ጉዳይ ኖሮኝ ነው የምራመደው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገጠር ያደገ ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ለመራመድ ብሎ አይራመድም። ስለዚህ ጉዳይ ፈለግኩላት። «ወፍ እንይ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ልጅነቴን ሙሉ ወፍ ሳባርር ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ላየው ልሂድ?»

እማዬ የአቸፈር ልጅ ናት፣ ከጣና ዳር። ያደገችው ማማ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቀን ቀን ወንጭፍ ይዛ ከዳጉሳው ላይ ወፍ ትከላከላለች። ሌሊት ደግሞ አባቷና ወንድሞቿ እሳት አንድደው ቆርቆሮ እየደበደቡ ጉማሬ ያባርራሉ። ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ በቆሎ ማሳ ውስጥ ከገባ የሚበላው አንሶ የሚረግጠው ይብሳል። የእነሱ ቤት ጉማሬን እንደ ሌባ ነበር የሚያውቀው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ገና መንገድ ሳንጀምር ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ከተማዋን እየዳሰሰ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። ይህ ዳርቻው ዓባይ ሚሊኒየም ፓርክ ይባላል። ፓርክ ሲባል ትልቅ በርና አጥር የሚጠብቅ ሰው ግር ሊለው ይችላል። እኛ የሄድንበት መንገድ የከብትና የሰው እግር ያወጣው ቀጭን መንገድ ነው። በአንድ በኩል ደንገልና ቀጤማ፣ በሌላው በኩል ሾላ፣ ዋርካና ዶቅማ። ሜዳ ነው። እማዬ ከዘራዋን ይዛ ያለ ችግር ትሄድበታለች።

በዚህ መንገድ ለብቻዬ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰክቼ፣ እየፈጠንኩ፣ ላብ እስኪወጣኝ። ከዚያ ሁሉ ጉዞ ይኼ ነው ብዬ የማስታውሰው እንስሳ የለኝም። እማዬ ግን ሃያ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። ጉልበቷን ታሻሻለች። መጀመሪያ መቆሙ ከበደኝ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስንራመድ ዝም ያለው ሁሉ ስንቆም ይመለሳል። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ካልን ቀጤማው ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የሸሸችው ወፍ ወደ ቅርንጫፏ ትመጣለች። የእማዬ ጉልበት ያስቆመን ቦታ ሁሉ የሆነ ነገር አሳየን።

ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ያየነው እንደዚያ ቆመን ነው። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል። ምንቃሩን ወደ ታች አድርጎ ውኃውን ያጠናል። ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ሦስቴ ስቶ በአራተኛው አንዲት ትንሽ ዓሣ ይዞ ወጣ። ወዲያው አልዋጣትም፤ ግንድ ላይ አርፎ ደጋግሞ መታት። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምታየው። «ሠርቶ አዳሪ ነው» አለች።

ትንሽ አለፍ ብሎ አንገቱ እንደ እባብ የረዘመ ጥቁር ወፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ይህ ወፍ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ነው ዓሣ የሚያድነው። ላባው እንደ ይብራ ላባ ውኃ አይመልስም፣ ይርሳል። መራሱ ለመጥለቅ ይረዳዋል፣ ግን ሲወጣ ፀሐይ መሞቅ አለበት። ይህን ስነግራት «ልብሱን እያሰጣ ነዋ!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስሙ በእኛ ዘንድ ልብስ አስጪ ሆነ።

እሷ ደግሞ ለእኔ ብዙ ስም አወጣችልኝ። ይብራውን፣ ሳቢሳውን፣ ጋጋኖውን። አንገቱ ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ እየጮኸ በላያችን ሲያልፍ ቀና ሳትል በድምፁ ብቻ ለየችው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም እንደማይገኝ ነገርኳት። ቆም አለች። «ይኼ? ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰን?» ዕድሜ ልኳን የምታውቀውን ወፍ ሰው ከሌላ አገር በአውሮፕላን መጥቶ እንደሚያየው ማመን አቃታት።

ከሾላው ሥር ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። ጦጣዎች የበሰለውን ፍሬ እየለቀሙ ግማሹን ይጥሉታል። የወደቀውን ወፍ ይለቅመዋል። ውኃ ላይ የወደቀው ሲሰምጥ ዙሪያው ይንቀሳቀሳል፣ ዓሣ ይሆናል። አንዱ ጦጣ ወደ ፌስታላችን ጠጋ አለ። እማዬ ዳቦ ልትቆርስለት ስትል ለመንኳት፣ ተወችው። ይህን ሁሉም ሰው ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። ጦጣ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ነጥቆ መብላት ይከተላል፣ ከዚያ ልጅ ይቧጭራል፣ ከዚያ በድንጋይ ይወገራል። እሱ ሾላውን ይዟል፣ ምንም አልጎደለበትም።

ስንመለስ መሀል ውኃው ላይ አንድ ግንድ ታየኝ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው ትዝ አለኝ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ግንድ አይደለም። ጆሮውን እይው።» ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች እርግብ እርግብ አሉ። ከዚያ ፉት የሚል ትንፋሽ፣ ከዚያ ባዶ ውኃ። ቆጠርን። አራት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ከነበረበት ራቅ ብሎ ወጣ። እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራችም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ሄድን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተሠራው በአላታ የድንጋይ ድልድይ በኩል ነው። በጣም ያምራል። ግን ድንጋያማ ቁልቁለት ወርደህ ዳገት ትወጣለህ። ሌላው በጀልባ የሚያሻግረው ነው። ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ረጋ ያለበት ቦታ ላይ ተሻግረህ በጫት ማሳና በግጦሽ መካከል ሜዳ ለሜዳ ትሄዳለህ። ጉልበቱን የሚያመው ወላጅ ያለው ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ። የጀልባው ልጅ እማዬን በሁለት እጁ ደግፎ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ መሀል ላይ ይቀመጡ» እያለ አሳፈራት። እሷም እስክንሻገር ድረስ መረቀችው።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከዚያ ጢሱ ይታያል። 40 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። እማዬ ጎጃም ተወልዳ 68 ዓመት ኖራ ጢስ ዓባይን አይታ አታውቅም ነበር። በዘፈንና በድሮው የአንድ ብር ኖት ላይ ብቻ። ሣሩ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ካፊያው ያርፋል። ፀሐይዋ ከጀርባችን ነበረች። ጢሱ መሀል ቀለማቱ ሲወጡ «የማርያም መቀነት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳለች።

በበጋ ብንመጣ ይህን አናይም ነበር። ከፏፏቴው በላይ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። በ2002 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም ውኃውን ከሐይቁ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ይለቃል። መብራት እኔም እፈልጋለሁ፣ ቤቴ የሚበራው በዚሁ ውኃ ነው። ግን መጋቢት ላይ ያ ሰፊ ገደል ቀጭን ክር ተንጠልጥሎበት ሲታይ ልቤ ያዝናል። መሄድ ያሰበ ሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይሂድ።

ወደ ጀልባው ስንመለስ ግንባራቸው ቀይ የሆነ አረንጓዴ ወፎች እየተንጫጩ ከአንዱ ዋርካ ወደ ሌላው አለፉ። እነሱም የእኛው ደጋ ወፎች ናቸው። አንድ አርጃኖ ደግሞ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘነው። የክንድ ተኩል ያህል ይረዝማል። ኮቴያችንን ሲሰማ ውኃ ውስጥ ገባ። ከገባበት ቦታ አጠገብ ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይንሳፈፋሉ። እማዬ በከዘራዋ ጎትታ አወጣቻቸው። ዩኔስኮ በ2007 ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። እዚያ እንቦጭ፣ እዚህ ጠርሙስ። እንቦጩን ለብቻዬ አልችለውም። ጠርሙሶቹን ግን በፌስታሌ ይዤ ከተማ ገባሁ።

ባሕር ዳር ስንደርስ 11 ሰዓት ነበር። እማዬ «የሳምንቱን ጉማሬ ደግሜ ልየው» አለች። ደክሟት ነበር፣ ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከውኃው ራቅ ያለ ከፍታ ቦታ ላይ ቆምን። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣና «እማማ፣ ከዚህ በላይ እንዳይጠጉ። 12 ሰዓት ላይ ደግሞ እንሄዳለን» አላት። ትክክል ነው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይበላል። በእሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው ግን አደጋ ላይ ነው። ሲሮጥ ሰው አያመልጠውም።

ፀሐይዋ ጠልቃ ብርሃኑ ገና ሳይጠፋ ወጣ። መጀመሪያ ራሱ፣ ከዚያ ውኃ የሚያንጠባጥበው ጀርባው። ከኋላው አንድ ግልገል። እናት ኖራለች። ከማዶ ያለው ሣር ላይ ወጥተው መጋጥ ጀመሩ። የሚነጨው ሣር ድምፅ እኛ ጋ ይሰማል፤ እንደ በሬ።

እማዬ ከዘራዋን ደረቷ ላይ ደግፋ ቆማ ታያለች። አባቷ ቆርቆሮ ይዞ ሌሊቱን ሲሮጥ የነበረው ይህን እንስሳ ለማባረር ነው። ከእነሱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አለንጋ እንኳ ጉማሬ ነበር የሚባለው፣ ከቆዳው ተሠርቶ። ፊቷን አየሁት። ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም።

ጥበቃው ሰዓቱን አይቶ ወደ እኛ ሲመጣ እማዬ ዘወር አለች። ክንዴን ያዘችኝ።

«ትብላ» አለች። «ልጅ ይዛ የለ።»