ስድስት፣ ሁለት፣ አራት

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የሚገኘው ወንድሜ ቤት ስደርስ፣ 9ኛ ክፍል የምትማረው ልጁ የባዮሎጂ መጽሐፏን ከአባቷ ስልክ ላይ ስታነብ አገኘኋት። የታተመው መጽሐፍ አልደረሳትም። ገጹን በጣቶቿ እያሰፋች የእንግሊዝኛውን ቃል ደብተሯ ላይ ትገለብጥና ከጎኑ አማርኛውን ታሰፍራለች፤ «ሴል» ከሚለው አጠገብ «ህዋስ»፣ «ፎቶሲንተሲስ» ከሚለው አጠገብ «ብርሃን አስተጻምሮ»። እኔም ከ20 ዓመት በፊት በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ደብተሬን የሞላሁት እንዲሁ ነበር። በመካከሉ የትምህርት ሥርዓታችን ተለውጧል፤ የልጅቷ ደብተር ግን የእኔው ነው። ሌሎች አገሮች ሥርዓታቸውን ሲለውጡ ምን እንደገጠማቸው መለስ ብዬ እንዳነብ ያደረገኝ ይኸው ደብተር ነው።

አባቴ የተማረው 6-2-4 በሚባለው አደረጃጀት ነበር፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ፣ አራት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ወደ 8-2-2 ቀየረው፤ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናና መሰናዶ የሚባለው እርከን ለእኔ ትውልድ የመጡት በዚያ ነው። አሁን ደግሞ የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ቀርቶ ወደ 6-2-4 ተመልሰናል። መመለሱን አልቃወምም፤ የሚያሳስበኝ በሄድንበትም ሆነ በተመለስንበት ጊዜ መምህሩ ለለውጡ የተሰናዳው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ይህን የምለው ያየሁትን ይዤ ነው። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ይታያል፤ መምህራችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠውና የቀረውን ጊዜ ጠመኔውን እንደጨበጠ በሩ አጠገብ ይቆማል። በቴሌቪዥኑ የምትናገረው ሴት እንግሊዝኛዋ ፈጣን ስለነበር ጥያቄዋን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱን ትናገር ነበር። አንድ ቀን የሒሳብ ትምህርት ላይ መብራት ጠፋ። መምህራችን ወደ ሰሌዳው መጣ፣ የቀረውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ አስረዳን፣ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ያን ሰው ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ያቆመው ለውጥ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የፊንላንድን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የማረከኝ ብዙ ሰው የሚያነሳው የፈተና ውጤታቸው አይደለም። ልጆችን ገና በ11 ዓመታቸው ለሁለት ይከፍል የነበረውን አሮጌ ሥርዓት የሚያስቀር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1968 አጽድቀው፣ ሥራውን በ1972 ከሰሜኑ ከላፕላንድ ጀምረው ወደ ደቡብ እያወረዱ ዋና ከተማው ሄልሲንኪ አካባቢ የደረሱት በ1977 ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የመምህራን ሥልጠናን ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገቡ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሳይቀር ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ደነገጉ። እኛም በዚያው በ1972 እ.ኤ.አ. መልካም ጅምር ነበረን፤ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው፣ ዛሬ ፔዳ የምንለው የባሕር ዳር የመምህራን አካዳሚ ዓላማው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዘርፍ ሁለገብ ባለሙያ ማፍራት ነበር። በግቢው ባለፍኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ኬንያ ደግሞ ወደ እኛ ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረችውን 8-4-4 (ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዩኒቨርሲቲ) ትታ በብቃት ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት ስትሸጋገር፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች 7ኛ ክፍል የሚገቡበት 2023 ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እንኳ የት ተቀምጠው እንደሚማሩ ክርክሩ አላበቃም ነበር። በመጨረሻ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ እንዲማሩ ተወሰነ፤ ብዙዎቹ ግን ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ማስተማሪያ ቋንቋውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ስታዞር፣ ትናንት በፈረንሳይኛ ያስተምር የነበረ መምህር ራሱ ገና በሚማረው ቋንቋ ክፍል ገባ። የወንድሜን ልጅ ደብተር ላየ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ፈተናው መጥበቁን እደግፋለሁ። ነገር ግን ፈተና ቁስሉን ያሳያል እንጂ አያክምም፤ ልጁ የወደቀው በጥቂት ቀን ፈተና ሳይሆን ባለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ነው። በክልላችን በአማራ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ደግሞ ከዚህ ቁጥር ውስጥ እንኳ የሉም።

በጣና ዙሪያ ባሉት ገዳማትና አድባራት ልጅ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት የሚሻገረው የኔታ ማወቁን ሲመሰክሩለት ነው፤ የበረታው ተማሪም ታናናሾቹን እያስቀጸለ ማስተማርን አብሮ ይማራል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በዚያ መንገድ ይመራ ማለቴ አይደለም፤ መምህር ከማስተማሩ በፊት ረጅም ጊዜ ማስተማርን መለማመዱ ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም።

አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ባዮሎጂ የሚያስተምር ጓደኛዬን ለአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስንት ቀን ሥልጠና እንደወሰደ ጠየቅኩት። «ሦስት ቀን» አለኝ። አሁን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር እየተገናኙ የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት ተራ በተራ እርስ በርሳቸው ያስተምራሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሁለቱ እንደ ተማሪ ይጠይቁታል። የወንድሜን ልጅ ደብተር ቅጂ ላኩለት፤ በመጪው ቅዳሜ የሚጀምሩት ጎን ለጎን ከጻፈቻቸው ቃላት ነው።