ጎንደርና የጤና ኮሌጇ፦ ማን ወደ ማን ይሄድ ነበር?

ስለ ጎንደር የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በዐፄ ፋሲለደስ ይጀምርና ከግቢው አጥር ሳይወጣ ያልቃል። በ1636 ስለተቆረቆረችው መናገሻ ከተማ ብዙ ስለተባለ እኔ የምጨምርበት የለኝም። የዛሬዎቹን ጎንደሬዎች ኑሮ ከግንቦቹ ባላነሰ የነካው ግን በ1954 የተከፈተው ትንሽ የጤና ኮሌጅ ነው ብዬ አምናለሁ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የኮሌጁ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የማደግ ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ ከማሠልጠኛ ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ። በከተማው ወገን ቆሞ ለሚያየው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ በየዘመኑ ማን ወደ ማን ይሄድ ነበር?

ነገሩ የጀመረው ከከተማው ሳይሆን ከደምቢያ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ለም ነው፤ ጤፉም ሽንብራውም ይሰምርበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ስለሆነ ግን ወባም ይመቻታል። በ1953 በዚያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። አገሬው ንዳድ የሚለውን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቆላ ወርዶ ማደር እንደሚያስከትለውም ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድን አገር በአንድ ወቅት እንዲያ ሲያረግፍ የሚደርስለት ባለሙያ አልነበረም። በመላ ኢትዮጵያ ሐኪም የሚያሠለጥን አንድም ትምህርት ቤት ባልነበረበት ዘመን፣ በአውራጃ ደረጃ የሚገኘው ቢበዛ አንድ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል የሚጠግንና ቀላል ሕክምና የሚሰጥ ረዳት ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ሥራ የጀመረው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1964 ነው።

መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ተስማምተው ኮሌጁን በጎንደር ሲያቋቁሙ፣ የደምቢያው እልቂት አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው ምክንያት ከዚያ የቀለለ፣ እንዲያውም የአጋጣሚ የሚመስል ነው፤ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራው ሆስፒታል ተዘጋጅቶ ይገኝ ነበር። ጎንደር ከፒያሳዋ ጀምሮ እስከ ፖስታ ቤቷ ድረስ የወራሪውን ግንብ ለራሷ ጥቅም ማዋል የተማረች ከተማ ስለሆነች፣ ሆስፒታሉም በዚያው መንገድ የትምህርት ቤት መነሻ ሆነ። ከአዲስ አበባ መራቁም እንደ ጉድለት አልታየም። የሚፈለገው ገጠር ወጥቶ የሚሠራ ባለሙያ ከሆነ፣ ገጠሩን እያየ ቢማር ይሻለዋል ተብሎ ነበር።

የኮሌጁ አሠራር ዛሬም ሳስበው ያስደንቀኛል። ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። የጤና መኮንኑ በሽታ መርምሮ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ የሥጋውንና የገበያውን ንጽሕና ይቆጣጠራል። ሦስቱ ለየብቻቸው ተምረው በሥራ ዓለም እንዲተዋወቁ ሳይሆን፣ ገና ተማሪ ሳሉ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ኖረው አብረው እንዲሠሩ ይደረግ ነበር። የታሰበው ጤና ጣቢያ አንዱ 50,000 ሰው እንዲያገለግል ነበር። ይህ ቁጥር የሚያስተምረው ነገር አለ፤ በዚህ ስሌት የሚሠራ ባለሙያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ታማሚ ቢጠብቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲያክም ኖሮ የአካባቢው በሽታ አንድ ጋት አይቀንስም። ስለዚህ መውጣት ግዴታው ነበር።

መውጣት ማለት ደግሞ የሰው ደጃፍ መርገጥ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የመማሪያ ክፍል በከፊል የጎንደር ሰፈሮች፣ በከፊል ደግሞ እንደ ቆላ ድባ ያሉ የአካባቢው ከተሞች ነበሩ። የደምቢያዋ ቆላ ድባ በተለይ የኮሌጁ የመስክ ትምህርት ቤት ሆና ስለኖረች፣ በኢትዮጵያ የጤና ጣቢያ ታሪክ ውስጥ ስሟ ከብዙ ትልልቅ ከተሞች ቀድሞ ይነሣል። ከተሜው ይህን እንዴት ተቀበለው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ወጥ አይሆንም። ጠበል ያለበት፣ ወጌሻ ያለበት፣ አራስ የምታርስ የሰፈር አዋላጅ ያለችበት ኅብረተሰብ ነው። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ፣ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ጓሮ ገብቶ «ሽንት ቤታችሁ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ደስ የሚለው ባለቤት ብዙ አይደለም። በሰፈራችን ያሉ አዛውንቶች ይህን ሲያወጉ ይስቃሉ፤ ሳኒታሪያኑን ከቀረጥ ሰብሳቢ ለይቶ ለማወቅ ጊዜ ወስዶባቸው ነበር ይላሉ። ነርሷ ግን ቶሎ ተወደደች። ሕፃን መዝና፣ እናቱን አነጋግራ፣ ቡና ተፈልቶላት የምትወጣ ሴት እንግዳ ሆና አትቆይም።

የጤና መኮንኑን ሰው ሁሉ «ሐኪም» ነበር የሚለው። በአዋቂዎች ዘንድ ይህ ሙያ ሙሉ ሐኪም ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ለረጅም ጊዜ ቢቆይም፣ ያገሬው ሰው ክርክሩን በአንድ ቃል ጨርሶት ነበር። በሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ደረጃው የተነፈገውን ሰው ደምቢያ ላይ የሚነፍገው አልነበረም። በ1961 ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን ተማሪውም ከየጠቅላይ ግዛቱ ይመጣ ነበር። ምሩቁ ሐረርጌም ሲዳሞም ሲመደብ፣ የመጀመሪያ ታካሚዎቹ ግን የጎንደርና የደምቢያ ሰዎች ነበሩ። ኮሌጁ ለአገሪቱ ያበረከተው ይቆጠራል፤ እነዚያ ቤተሰቦች ደጃቸውን ከፍተው ያበረከቱት የትምህርት ድርሻ ግን በየትኛውም የምረቃ መጽሔት ሲጠቀስ አላየሁም።

ከአብዮቱ በኋላ የሆነውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በመላኩ ተፈራ አስተዳዳሪነት ዘመን ጎንደር ያየችው ቀይ ሽብር ራሱን የቻለ ታሪክ ይፈልጋል፤ ወጣት ወደ ቤት መጥቶ በር ማንኳኳቱ ራሱ የሚያስደነግጥበት ጊዜ ነበር ማለት ለዚህ ጽሑፍ ይበቃል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1978 ነው። የጤና መኮንን ሥልጠናው ቆሞ ኮሌጁ በላይፕዚግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ዶክተሮችን ማሠልጠን ጀመረ። የምሥራቅ ጀርመን መምህራን መጡ፤ የሕክምና ክፍሎች ተደራጁ፤ ጎንደር ውስጥ የማይታሰብ የነበረ ቀዶ ሕክምና ተለመደ። ይህን የሚያጣጥል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። የገዛ አክስቴ በሕይወት የተረፈችው ሆስፒታሉ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ነው። ነገር ግን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በአልጋ ዙሪያ ስለሆነ፣ አቅጣጫው ተገለበጠ። ቀድሞ ተማሪው ወደ ሰው ቤት ይሄድ ነበር፤ አሁን ሰው ወደ ተማሪው መምጣት ጀመረ። ከተማው ከመማሪያ ክፍልነት ወደ መጠባበቂያ አዳራሽነት ተለወጠ ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዙሪያው ሁሉ በዚያው ልክ ተለወጠ፤ ከሰሜንና ከጋይንት፣ ከአርማጭሆና ከቋራ ታማሚ ይዞ የመጣ አስታማሚ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ መድኃኒት የሚገዛበት ቦታ ስለሚያስፈልገው የአልጋ ቤቱና የመድኃኒት ቤቱ ንግድ ሆስፒታሉን ተጠግቶ አደገ።

ሆስፒታሉ ምን ያህል የአካባቢው ኑሮ መስታወት እንደሆነ በአንድ በሽታ ማሳየት ይቻላል። በየዓመቱ ከደጋው አያሌ ወጣት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። እዚያ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ይጠብቀዋል። ያልታከመ ካላዛር ገዳይ ነው፤ ከሳምንታት ትኩሳት በኋላ ጣፊያው አብጦ፣ ሰውነቱ መንምኖ የሚመለሰው ወጣት የሚታከመው ጎንደር ነው፤ በሆስፒታሉም ለዚሁ በሽታ ብቻ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ኮሌጁን የወለደው የደምቢያ ወባ ነበር፤ ካላዛርም እንደ ወባው ሰው ለእህል ብሎ ቆላ ሲወርድ የሚያገኘው በሽታ ነው። ልዩነቱ ያኔ ባለሙያው በሽታው ወዳለበት ሜዳ መላኩ፣ አሁን ደግሞ ታማሚው በአውቶቡስ ዳገቱን መውጣቱ ነው። ሠራተኛው ከሚያድርበት የሰሊጥ እርሻ ድረስ ሄዶ አጎበር የሚያድል፣ ትኩሳቱ ሳይከርምበት የሚመረምር ቡድን ቢበረታ፣ ማዕከሉ ከሚቀበላቸው ታማሚዎች ስንቱ ሳይደክም በደረሰ ነበር።

በ1992 ኮሌጁ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና መኮንን ሥልጠናው ተመልሶ ተጀመረ፤ በ2004 ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የቀድሞው የጤና ግቢ አሁንም በተማሪው ዘንድ «ጂሲ» ይባላል፤ በማራኪና በሌሎች ቦታዎች የተከፈቱት ግቢዎች ግን ከሕክምና ጋር የማይገናኝ ትምህርት የሚከታተሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አመጡ። ከዚህ ወዲህ ከተማውና ተቋሙ የሚተያዩት ይበልጡን በገበያ ዓይን ነው። ቤት ያለው ያከራያል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ካፌው፣ ባጃጁ በትምህርት ዓመቱ ይተዳደራል፤ ተማሪው ለዕረፍት ሲበተን የማራኪ ሱቆች ጭር ይላሉ። ገቢው መልካም ነው። ጫናውም ግን እውነተኛ ነው፤ የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ እየመጣ ባለበት ከተማ፣ ከአዲስ ነዋሪው ጋር ጀሪካን ተሸክሞ የሚሰለፈው ነባር ነዋሪ ስለ ዩኒቨርሲቲው ያለው አስተያየት በውኃው ቀን ይለዋወጣል።

እንዲህም ሆኖ የድሮው ልማድ ጨርሶ አልጠፋም። በመጨረሻ ዓመት ላይ ያሉ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጡበት፣ ሁሉም ሰው «ቲቲፒ» የሚለው ሥልጠና የ1954ቱ ሐሳብ ቀጥተኛ ልጅ ነው። በ1996 በዳባት የተጀመረው የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ደግሞ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየጠየቀ ይመዘግባል። ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራሙም ባለሙያውን አካል ጉዳተኛው ወዳለበት ቤት ይልካል፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ወደ መጀመሪያው ኮሌጅ የሚጠጋው ይኸኛው ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ የኖረን ልጅ ለማግኘት ሥራው ራሱ መውጣትን ይጠይቃልና።

ቅር የሚለኝ ግን አለ። ቲቲፒ ሲነሣ ስለሚጠናቀቀው ሥራ የሚወራውን ያህል ጤና ጣቢያው ስለሚያገለግለው ሰው አይወራም። ተማሪው ጥናቱን ሠርቶ፣ ችግሮቹን ዘርዝሮ፣ ለመምህሩ አቅርቦ ሲመለስ፣ ጉዳዩ የተጠናበት ቀበሌ ውጤቱን መልሶ የሚሰማበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ የሚቀጥለው ዓመት ቡድንም ያንኑ ቤት አንኳኩቶ ያንኑ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ያለፈው ቡድን የጻፈውን አንብቦ ሊሄድ ይገባዋል። ደጁን ለተማሪ ከፍቶ ለሰባት አሥርት ዓመታት የተጠየቀ አካባቢ ቢያንስ ጽሑፉ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥለት ቢጠይቅ፣ ለዩኒቨርሲቲው ወጪው ጥቂት ወረቀት ነው።