ፒኤች የገባኝ በሁለት ጠብታ ነው

አሲድና ቤዝን ለረጅም ጊዜ በሽምደዳ ነበር የማውቃቸው። ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው ቁጥር፣ ከ7 በታች ከሆነ አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ፣ 7 ላይ ገለልተኛ። ፈተና ለማለፍ ይበቃል። «ለምን?» የሚል ሰው ቢመጣ ግን መልስ አልነበረኝም። ነገሩ የገባኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታይትሬሽን (አሲድ ላይ ቤዝ እያንጠባጠቡ ስንት እንደሚፈጅ መለካት) ስሠራ ነው፤ ያውም ካበላሸሁት በኋላ።

25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፒፔት (በመምጠጫ መለኪያ ቱቦ) ለክቼ ፍላስክ ውስጥ ጨመርኩ። ቀለሙን በመለወጥ የሚጠቁመኝን ፌኖልፍታሊን ጥቂት ጠብታ አከልኩበት። ቡሬቱን (ከታች መክፈቻ ያለውን የመለኪያ ቱቦ) በቤዙ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሞላሁ። ሁለቱም 0.1 ሞላር ናቸው፤ ጥንካሬያቸው በሊትር እኩል ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ 25 ሚሊ ሊትሩን አሲድ የሚጨርሰው 25 ሚሊ ሊትር ቤዝ ነው። ፌኖልፍታሊን አሲድ ውስጥ ቀለም የለውም፤ ፒኤቹ 8.2 ገደማ ሲያልፍ ሮዝ መሆን ይጀምራል።

10 ሚሊ ሊትር ቤዝ ገባ፤ ምንም ለውጥ የለም። 20 ገባ፤ አሁንም ውሃ ነው የሚመስለው። 24 አካባቢ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሮዝ ብልጭ ይልና ፍላስኩን ሳወዛውዘው ይጠፋል። ትዕግሥቴ አለቀ። መክፈቻውን ትንሽ ለቀቅ ሳደርገው ፍላስኩ ባንዴ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ቡሬቱን ሳነበው 26.3። እንደገና ከዜሮ!

ተናድጄ ቁጭ አልኩና አሰላሁት። ሲጀመር ፒኤቹ 1 ነበር። 20 ሚሊ ሊትር ቤዝ ገብቶ እንኳ የደረሰው ገና 2 አካባቢ ነው። 24.95 ላይ 4 ይሆናል። 25.05 ላይ ደግሞ 10! አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነች፣ ከ4 ወደ 10 የዘለለው በሁለት ጠብታ ነው ማለት ነው።

ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ መለኪያ የሃይድሮጅን አዮንን (አሲድ ውሃ ውስጥ የሚለቀውን ቅንጣት) መጠን የሚቆጥረው በአሥር እጥፍ ነው። ፒኤች ከ1 ወደ 2 ከፍ እንዲል ከሃይድሮጅን አዮኑ አሥር እጅ ዘጠኙ መሄድ አለበት። ለዚህ ብዙ ቤዝ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ የቀረው አሲድ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጠብታ ይበቃዋል። ተማሪ ይህን አንዴ በእጁ ቢያየው ሎጋሪዝም የሚባለው ይህ የእጥፍ አቆጣጠር አያስፈራውም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ያው 25 ሚሊ ሊትር፣ ያው 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ተሰጠኝ። ፒኤቹ 2.9 ገደማ ነው። ደካማ አሲድ ስለሆነ ትንሽ ቤዝ ይበቃዋል ብዬ ገመትኩ። የፈጀው ግን ያንኑ 25 ነው። ደካማ ማለት ጥቂት ማለት አይደለም ለካ! ከመቶ ሞለኪውል ሃይድሮጅን አዮኑን የለቀቀው አንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀሩት ይዘውታል። ቤዙ የተለቀቀውን ሲወስድ ግን እነሱም ተራ በተራ ይለቃሉ፣ እስኪያልቅ ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ፍላስኩ ሥር ነጭ ወረቀት አነጥፋለሁ፤ ፈዛዛ ሮዝ ያለሱ አይታይም። የቡሬቱ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ካለ መጀመሪያ አስወጣለሁ። ፍላስኩን የማለቀልቀው በተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ በአሲዱ ካለቀለቅኩት ያልለካሁት አሲድ ይጨመርበታል። መነጽር ግዴታ ነው፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

አንድ ቀን ፈዛዛዋ ሮዝ መጣችና ንባቤን ጻፍኩ። ቆይቼ ስመለስ ቀለሟ የለም። ተሳስቻለሁ ብዬ ሌላ ጠብታ ልጨምር ስል እጄን ሰበሰብኩ። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ አሲድ ሆኗል፤ ቀለሟን የወሰደው እሱ ነው። የጻፍኩት 25.0 ትክክል ነበር።