ጎትላንድ፣ የራሳችን ወጥ ቤት ያለው ቤት

ዛሬ ጎትላንድ ነው የዋልነው። እንግሊዝ አገር፣ ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ በሆነው ዛፍ አልባ ደጋ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሆቴሉን ትተን ወጥ ቤት ያለው አፓርትመንት ተከራየን። ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው ዕረፍት ማለት ይሄ ነው፤ ሲርባቸው ይበላሉ፣ ሲደክማቸው ይተኛሉ። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይዘን መጥተናል (እንጀራማ እዚህ አይታሰብም)።

በጎቹ ግን! እረኛ የላቸውም፣ አስፋልት ላይ ተኝተው መኪና ያስቆማሉ። ልጄ ጠዋት በር ስትከፍት አንዷ ደረጃው ሥር ቆማ ስታመሰኳ አገኘቻት። ጀርባዋ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታለች፤ የባለቤቷ ምልክት ነው።

ከሰዓት ማልያን ስፓውት ፏፏቴ ወረድን፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጥሩ ጫማ አድርጉ። ስንመለስ ኮረብታው በሙሉ ሐምራዊ ነበር። ያለበሰውን ቁጥቋጦ ሄዘር ይሉታል፤ የባሌና የሰሜን ተራሮች አስታ የሥጋ ዘመድ ነው። ጠጋ ብዬ ደቃቅ ቅጠሉን ሳየው ሆዴ ባባ። እናቴ ጋ በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት፤ "ውይ፣ አስታ!" አለች ወዲያው።

ለመምጣት የምታስቡ ነሐሴ ላይ አድርጉት፣ አበባው ያኔ ነው። ቤት ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ከፒከሪንግ የሚነሳው የእንፋሎት ባቡርም እዚሁ ይቆማል፣ ልጆቹን በሱ አምጧቸው።