«ኳንዶ» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

የምሠራው ከፒያሳ ቁልቁል ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል ውስጥ ነው። ሪሴፕሽኑ የእኔ ኃላፊነት ነው። እንግሊዝኛ ሁላችንም እንችላለን፣ ፈረንሳይኛም የምትሞክር አለች። ስፓኒሽ ግን ማንም አልነበረንም።

ባለፈው ጥቅምት ከሜክሲኮ ሁለት አዛውንት፣ ባልና ሚስት፣ መጡ። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። በመጡ ማግስት ሜክሲኮ አደባባይ ሄደው ፎቶ ተነሱና ማታ ሲመለሱ ስልካቸውን እየዞሩ ለሁላችንም አሳዩን፣ ለጥበቃው ሳይቀር። የማታ ተረኛዋ ልጅ እነሱን ለማስደሰት ብላ ከስልኳ ላይ የስፓኒሽ ቃላት መለማመድ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ማታውኑ ሰውየው ወደ ታች ወርደው ስለ ኤርፖርት መኪና አነሱባት። ልጅቷ «ኳንዶ?» አለቻቸው፤ መቼ ማለቷ ነው። እሳቸውም «ማኛና፣ አ ላስ ኦቾ» አሉ። ማኛና ነገ መሆኑን ታውቃለች። ኦቾ ስምንት መሆኑንም ታውቃለች። መዝገቡ ላይ «ነገ 8 ሰዓት፣ ኤርፖርት፣ 2 ሰው» ብላ ጻፈች፣ ለሾፌሩ ደወለች፣ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስገባ ባልና ሚስቱ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አቁመው ሎቢ ተቀምጠዋል። መኪና የለም። ሾፌሩ ጋ ስደውል መርካቶ ዕቃ እያራገፈ ነው። «ለ8 ሰዓት እኮ ነው የተባልኩት!» አለኝ። እውነቱን ነው። በኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ የሰውየው ስምንት ደግሞ የኛ 2 ሰዓት ነው። በረራቸው ስንት ሰዓት እንደሆነ ልጠይቃቸው ብል በምን ቋንቋ? የስልኬ አስተርጓሚ ደግሞ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ይሽከረከራል። ሴትየዋ ፊታቸው መቀያየር ጀመረ።

ይሄኔ ሎቢውን ስትወለውል የነበረች ሴት ቀና ብላ «ጋሼን ጥራቸው እንጂ፤ ኩባ አይደል እንዴ የተማሩት!» አለችኝ።

ጋሼ ስቶር ኪፐራችን ናቸው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች ከሚቆጠሩ ልጆች አንዱ ነበሩ። ያደጉት ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ በምትባል ደሴት ላይ ነው። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው ትግላችን ሐውልት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የወደቁ የኩባ ወታደሮች ፎቶ ያለበት ማለት ነው፣ ከሆቴላችን ቅርብ ነው፤ ከጋሼ ጋር በዚያ ያለፈ ሰው ስለ ኩባ ሳይሰማ አይመለስም። እኛ ግን ስፓኒሽ የሚችል ሰው ምድር ቤት እንዳለን ለሥራ አስበነው አናውቅም ነበር።

ሰማያዊ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጡ። ሰውየውን በአክብሮት ሰላም አሉና ቶሎ ቶሎ ጠየቁ። «አ ኬ ኦራ ሳሌ ኤል አቢዮን?» አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? «አ ላስ ዲየስ ኢ ሜዲያ።» አስር ተኩል፣ በኛ 4 ሰዓት ተኩል። «አዶንዴ ቫን?» ወዴት ነው የምትሄዱት? ላሊበላ። «ኳንታስ ማሌታስ?» ስንት ሻንጣ? ሁለት። ወዲያው ራይድ ጠራን፤ ጋሼም አብረዋቸው ገቡ። ደረሱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጅቷ ስትሰማ አለቀሰች። ማንም አልተቆጣትም፤ እንዲያውም እሷ ባትሞክር ኖሮ ለሾፌሩ የሚደወልም አልነበረም። ጋሼ ከቦሌ ሲመለሱ «ነይ እስኪ ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?» አሏት። ነገረቻቸው። «ኳንዶ ትክክል ነው» አሏት። «ግን ሰፊ ነው። ቀንም ይመለስበታል፣ ወርም፣ ዓመትም። ሰዓት የፈለግሽ እንደሆነ አ ኬ ኦራ በይ። ስምንት ካሉሽ ደግሞ አትልቀቂያቸው፣ ዴ ላ ማኛና ኦ ዴ ላ ታርዴ ብለሽ ድገሚ፤ የጠዋት ነው ወይስ የከሰዓት? ማኛና ነገም ነው፣ ጠዋትም ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ስቶር ውስጥ ትምህርት ተጀመረ። እኔም ከሳሙናና ከአንሶላው መሀል ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጋሼ ሰላምታ አላስተማሩንም፤ «ሰላምታ ከእንግዳው ትለቅሙታላችሁ» ብለው በቀጥታ መጠየቂያ ቃላት ውስጥ ገቡ። ይህን በጣም ነው የወደድኩላቸው። ሪሴፕሽን ላይ የቆመ ሰው ከማውራት ይልቅ የሚበዛው መጠየቁ ነው። የትኛውን መጠየቂያ እንደተጠቀምክ ካወቅክ ደግሞ ከመልሱ ውስጥ ምን መልቀም እንዳለብህ ታውቃለህ። ዶንዴ ካልክ የሰውየውን እጅ ተመልከት፣ ይጠቁምሃል። ኳንቶ ካልክ ቁጥር ብቻ ጠብቅ። ሌላው ንግግር ቢያልፍህ ግድ የለም።

አንድ ነገር አሳዩን። በኛ ምን፣ ማን፣ መቼ በ«መ» እንደሚጀምሩ ሁሉ በስፓኒሽ አብዛኞቹ በ«ከ» ድምፅ ይጀምራሉ፦ ኬ ምን፣ ኪየን ማን፣ ኳንዶ መቼ፣ ኮሞ እንዴት፣ ኳል የትኛው፣ ኳንቶ ስንት። የት ብቻ ዶንዴ ብሎ ያፈነግጣል። በጣም የቀለለን ግን የመስተዋድዱ ነገር ነው። ከየት ስንል «ከ» ፊት ይመጣል፤ እነሱም ዴ ዶንዴ ይላሉ። ከማን ጋር ኮን ኪየን፣ ለማን ፓራ ኪየን። ለምን እንኳ ፖር ኬ ነው፣ ልክ እንደኛ ከሁለት ነገር የተሠራ። መልሱ ደግሞ ፖርኬ ነው፣ ምክንያቱም። ጥያቄው ተለያይቶ ይጻፋል፣ ኬው ላይም የጫና ምልክት አለው፣ ስትለውም ኬ ላይ ትጫናለህ። መልሱ ግን አንድ ቃል ነው፤ ምልክትም የለው፣ ጫናም የለበት።

ችግር የሚመጣው አማርኛውን እንዳለ ስንገለብጠው ነው። እኛ «ስምዎ ማን ነው?» እንላለን፤ ልጅቷም መጀመሪያ በኪየን ሞከረችው። ጋሼ ሳቁና ኮሞ ሴ ያማ ኡስቴድ አስባሏት፤ እንዴት ይባላሉ እንደማለት ነው። ኡስቴድ የኛ «እርስዎ» ነው፣ እንግዳ ላይ እሱን መልመድ ይሻላል። «ስንት ሰዓት ነው?» ስንል ደግሞ ስንት ኳንቶ ነው ብለን እንሮጣለን፤ እነሱ ኬ ኦራ ኤስ ነው የሚሉት። ስልክ ቁጥርም በኛ ስንት ነው፣ በነሱ ኳል ነው።

ስንት ራሱ በሚቆጠረው ነገር ይለወጣል። ለሌሊት ኳንታስ ኖቼስ፣ ለቀን ግን ኳንቶስ ዲያስ። ዲያ መጨረሻው «አ» ሆኖ ሳለ ወንዴ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ብዙ ተከራከርኩ፣ ጋሼ አልሰሙኝም።

እንግዶች በስልክ ሲጽፉልንም የሚረዳን ነገር አለ። ስፓኒሽ ጥያቄው የሚጀምርበት ቦታ ላይ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል፣ መጨረሻውም ላይ የተለመደውን። የስፔኑ ሮያል አካዳሚ በ1754 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። በስልክ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ሲኖር ግን ከረጅም መልእክት ውስጥ ጥያቄው የት ጋ እንደሆነ ወዲያው ይታይሃል።

ባልና ሚስቱ ከላሊበላ ሲመለሱ ጋሼን አስጠሩ። ሎቢ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ብዙ አወሩ። ሰውየው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እንዳለ ነገሩን። የኛ ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች መሆኑን ጋሼ አስተረጎሙላቸው፤ ሰውየው ግን ያውቁት ኖሯል። ልጅቷ ፈጥነው ያወሩትን ሳትሰማ ስትቀር «ኬ?» አለች፣ ጋሼ እንደሚሉት። ሴትየዋ ትከሻዋን ነካ አድርገው ሜክሲኮ ውስጥ ለትልቅ ሰው «ማንዴ?» እንደሚባል አስተማሯት። ጋሼ ወዲያው ማስታወሻ ላይ አስጻፏት። ኩባ ይህ እንደማይባል ነገሩን።

መዝገባችን አሁን ሁለት የሰዓት ዓምድ አለው፤ አንዱ «በኛ»፣ አንዱ «በፈረንጅ»። ሁለቱም ካልተሞሉ ለሾፌር አይደወልም፣ እንግዳው በየትኛውም ቋንቋ ቢያወራ። ልጅቷ ደግሞ የጥያቄ ቃላቱን ከነመልሳቸው በካርቶን ጽፋ ከካውንተሩ ሥር ለጥፋለች። አሁን የምትታገለው ከኬ እና ከኳል ጋር ነው፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛዋ አንድ ስለሚሆኑባት። ጋሼ ለጊዜው የሰጧት ይህን ነው፦ ከኋላው ስም ከመጣ ኬ በይ፣ ኬ ኦራ፣ ኬ ዲያ፤ ከኋላው «ኤስ» መጥቶ ከብዙ አንዱን እንዲነግሩሽ ከፈለግሽ ኳል በይ። የክፍል ቁጥር ስትጠይቅ እስካሁን ሠርቶላታል።